ባዶ ጀሪካን በፓርኩ በር

ባለፈው ቅዳሜ ከአብሮ አደጌ ከጌዲ ጋር ከቀፊራ ገበያ ስንመለስ፣ በልጅነታችን ኳስ የምንጠልዝበት የወንዝ ዳር ታጥሮ አገኘነው። ሣር ተተክሎበት፣ ወንበር ተደርድሮበት፣ በሩ ላይ ትንሽ መስኮት ወጥቶለታል። አንዲት ልጅ በመስኮቱ ብቅ ብላ «ዋሪያ፣ ትኬት ቁረጡ» አለችን። የልጅ ልጃችን ልትሆን ትችላለች፤ ቢሆንም በአጠራሯ አልከፋንም። ድሬ አንቱ አታውቅም። ዋሪያ ከሶማሊኛ የመጣ «አንተ ሰውዬ» እንደማለት ያለ ቃል ነው፤ እኛ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከእናት ጡት ጋር ጠብተነዋል። የከፋኝ ትኬት ያለችው ነው። ጌዲም ፊቱን አዞረ። ምን ትዝ እንዳለው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ እኔም ያንኑ ነበር የማስበው።

የጌዲ አባት አደር ፋራህ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበሩ። አደር አጎት ማለት ነው፤ የኔም አባት የባቡር ሠራተኛ ስለነበር በአንድ ግቢ አደግን። እሳቸው የተወለዱት ግን ከከተማው ርቆ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ ዘንባባ ከከበበው ፍልውሃ አጠገብ ነው። ኋላ ያ አገር ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ። እኛ ተማሪ ሳለን፣ በስተርጅና እግራቸው አብጦ አልጋ ሲይዙ፣ መርፌውም ኪኒኑም ሲሰለቻቸው፣ ጌዲን ጠርተው ከዚያ ውሃ አንድ ጀሪካን እንዲያመጣላቸው ለመኑት። እናታቸው በልጅነታቸው በእሱ ታሻቸው ነበር። ሌላ ነገር አልፈለጉም።

ግንቦት ነበር፣ የድሬ ግንቦት፣ ግድግዳው ሳይቀር የሚያልበው። ከመጋላ ሰፈር የገዛነውን ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልለን ባቡር ተሳፈርን። የሠራተኛ ልጆች ስለሆንን በነፃ ነው። በየጣቢያው ሴቶች የግመል ወተት በመስኮት ያቀብሉ ነበር፤ ያን ጭስ ጭስ የሚል ጣዕሙን አሁንም ምላሴ አልረሳውም። ከባቡር ወርደን በአቧራው መንገድ በእግር ስንሄድ ጌዲ ጀሪካኑን ከበሮ አድርጎ እየመታ ይዘፍን ነበር። ደስ ብሎት ነበር።

በፓርኩ በር ላይ ሁለት ዋጋ ተጽፏል፤ አንዱ ለኢትዮጵያውያን፣ ሌላው ለውጭ ዜጎች። ለራሳችን የሚሆን ይዘናል። እኔ ከአጥሩ ወዲያ ዘንባባዎቹን አየሁና «ዋሪያ ጌዲ፣ ያውልህ ውሃው» አልኩት። ዘበኛው ቀና አለ። ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ። የተማሪ መታወቂያችንን ተቀብሎ የኔን ስም አነበበ፣ የጌዲን አነበበ፣ ከዚያ ጌዲን ከየት አገር እንደመጣ ጠየቀው። የድሬ ልጅ ነኝ ቢለው አልሰማም።

«ዋሪያ የሚል ኢትዮጵያዊ አላውቅም። አንተ ግባ፤ እሱ በውጭ ዜጋ ዋጋ ይክፈል» አለኝ።

«ዋሪያ ያልኩት እኮ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አንተማ ስትቀልድ ነው» ብሎ ሳቀ።

ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንድ ቃል በኔ አፍ ቀልድ፣ በጓደኛዬ ስም ባዕድነት ሆነች። የውጭውን ዋጋ ልብሳችንን ብንሸጥ አንሞላውም። ብቻዬን ገብቼ ልቅዳ ብል፣ ከፓርኩ ምንም ማውጣት፣ ውሃም ቢሆን፣ ክልክል ነው አለ። ይህን ሲል ፈረንጆች የጫነች መኪና ከውስጥ መጣች። ፎጣቸው በፍልውሃው እንደራሰ በመስኮት ተሰጥቶ ጠብ ጠብ ይላል። ዘበኛው እጅ ነስቶ አሳለፋቸው። ተሳደብኩ፤ ጌዲ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። አውሬው ይጠበቅ፣ ዛፉም ይጠበቅ፣ ለጥበቃው ይከፈል፣ ክርክር የለኝም። ግን ሰውን ከተወለደበት ውሃ ማገድ ምን የሚሉት ጥበቃ ነው? የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

ስንመለስ ከጣቢያው ቧንቧ ሞልተን እንስጣቸው ብዬው ነበር። ጌዲ አባቱን መዋሸት እንቢ አለ። ባዶውን ጀሪካን አልጋው ሥር አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ትኬት ስቆርጥ ኖርኩ» አሉ አደር ፋራህ። «የእናቴ ደጅ ትኬት እንዳለው ማንም አልነገረኝም።»

ዳግመኛ ውሃ አልጠየቁም። ክረምቱ ሳይወጣም አረፉ።

ባለፈው ቅዳሜ በወንዙ ዳር ትኬት አልቆረጥንም። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ከቀፊራ የገዛነውን በለስ በላን። ንዴቴ አልበርድ ሲል፣ የልጄ መኪና እንዳለችና የዛሬውን ዋጋ፣ የፈለጉትን ቢሉን፣ እንደማናጣው ለጌዲ ነገርኩት። ነገውኑ ሄደን ያን ውሃ እናምጣ አልኩት። ጌዲ የበለሱን ልጣጭ በጋዜጣ ሰበሰበ።

«ዋሪያ» አለኝ፣ «ለማን ላምጣው?»