ሎሚ ነው ወይስ ሁመር

አበጀና ትሩፋት ተስማምተው ያውቃሉ የሚል ሰው አሶሳ ውስጥ ቢገኝ ጎረቤቶቻቸው በሳቅ ይፈርሳሉ። በዜናው አይስማሙም፣ በባጃጅ ሾፌሮች ጠባይ አይስማሙም፣ ማንጎ በቢላ ይበላ ወይስ በጥርስ በሚለው ጉዳይ እንኳ ተኳርፈው አድረዋል። እሱ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነው፤ በደርግ ጊዜ ሮጦ የማይደክም ልጅ ሳለ ከወላጆቹ ጋር ባምባሲ አጠገብ ሰፍሮ እዚያው አደገ። እሷ ከጎጃም ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት። የተገናኙትም የተጋቡትም ካማሺ ነው፤ እሱ የግብርና ባለሙያ፣ እሷ የሰባተኛ ክፍል መምህርት ሳሉ።

ከሙሽርነታቸው ጀምሮ አንድ ሕግ አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ውጭ ይበላሉ፤ ለሁለት አንድ ትሪ ያዛሉ። በልተው ሲጨርሱ፣ እጃቸውን ከመታጠባቸው በፊት፣ ሁለቱም ፍርዳቸውን ይሰጣሉ። ከተስማሙ የዚያ ቤት ነገር እዚያው አለቀ፣ ሌላ ቤት ይፈለጋል። ካልተስማሙ ግን ተመልሶ መቅመስ ግዴታ ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ ትላለች ትሩፋት። እኔ ነኝ ይላል አበጀ። በዚህም አይስማሙም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን፣ ትሩፋት ብዙ ጊዜ የምትቃወመው ሆን ብላ ነው። ምግቡ አንጀቷን ያራሰው ቀን፣ ጣቷን እየላሰች «ጨው አንሶታል» ትላለች። መመለስ ስትፈልግ ነዋ! አበጀም ይህን ያውቃል፤ የሚያውቅ መሆኑን ግን አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም።

እንዲህ እየተከራከሩ አገሩን ዞረውታል። ኩርሙክ ድረስ ሄደው ሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል በልተዋል። ቶንጎ ወርደው በማር ተጣልተዋል። ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር የሕዳሴውን ግድብ ሊጎበኙ ጉባ የሄዱ ቀን፣ ሁሉም ሰው ውሃውን አይቶ አፉን ሲከፍት፣ አበጀ ምሳው ላይ «ግድቡስ ግሩም ነው፤ ሽሮው ግን ውሃ በዝቶበታል» ብሎ ሰውን ሁሉ አስቋል። ትሩፋት ሽሮው ልክ ነው ብላ ተሟገተች። አስጎብኚው በዚህ ምክንያት ተመልሰው መምጣት እንደሚፈልጉ ሲነግሩት የሚቀልዱ መስሎት ነበር።

አንድ ክርክር ግን እስካሁን አልተዘጋም። እሱም የካማሺው ነው።

ካማሺ ውስጥ ሰንበቴ የምትባል የጉሙዝ ሴት ነበረች፤ ምግብ ቤቷ የቀርከሃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን ነው። ዓሣ ትሠራለች። ያ ዓሣ አንድ የሚያስጨንቅ መጎምዘዝ ነበረው፤ ምላስን ቆንጠጥ አድርጎ የሚለቅ። አበጀ ሎሚ ነው አለ። ትሩፋት ሁመር ነው አለች፤ ያ በረሃ ላይ ከዛፍ የሚለቀመው ቡናማ ጎምዛዛ ፍሬ። ወደ አሶሳ ተዛውረው ሊሄዱ ሲሉ፣ በመጨረሻው ምሳቸው፣ መቅመስ እንጂ መጠየቅ የማይፈቅደውን ሕጋቸውን ጥሰው ባለቤቲቱን ጠየቋት። ሰንበቴ እየሳቀች ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ ዛሬ አይናገርም» አለች በሰባራ አማርኛዋ። «እናንተ ተመልሶ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ይናገራል።»

እንመለሳለን አሏት። በቅርቡ ነው ብለው ነበር። ከዚያ የአገሩ ሰላም ደፈረሰ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ጠፋ። ዓመታት አለፉ። ሰንበቴ ትኑር አትኑር፣ ቤቷ ይቁም አይቁም የሚነግራቸው አላገኙም። ትሩፋት የትም ቦታ ዓሣ በቀረበላት ቁጥር አንድ ጉርሻ ትቀምስና ትሪውን ወደ አበጀ ትገፋለች። ካማሺ ትናፍቃታለች። ሰንበቴ ብቻም አይደለችም የምትናፍቃት፤ ያን ጊዜ የነበረችው ትሩፋት ራሷ፣ ያን ጊዜ ዳገቱን እያፏጨ የሚወጣው አበጀም ይናፍቋታል። አሁን ደረጃ ሲወጣ ያርፋል። ሐኪሙ ልብህ ሰፍቷል፣ መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ፣ ረጅም ኮሮኮንች መንገድ ደግሞ እርም በል ብሎታል።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ባምባሲ ሊሄዱ መናኸሪያ ሲደርሱ ጎረቤታቸው ሳሊማ አገኘቻቸው። ሳሊማ ነጋዴ ናት፤ ወሬ ከእሷ ቀድሞ የሚሰማ የለም።

«ወላሂ፣ የካማሺ መኪና ጀምሯል!» አለች። «ወንድሜ በመንዲ ዞሮ ሄዶ በሰላም ተመለሰ። መንገዱ ግን ወገብ ይሰብራል።»

ትሩፋት የአበጀን ክንድ ያዘች። ባምባሲ እስኪደርሱ አልለቀቀችውም። በመስኮቱ የቀርከሃውን ጫካ እያየች ምን እንደምትለብስ፣ ለሰንበቴ ምን ይዛላት እንደምትሄድ አሰበች። አበጀ ዓይኑን ከፊት ለፊቱ መንገድ አይነቅልም።

ባምባሲ የሚበሉት ሌንጂሳ ቤት ነው፤ ጥብስ አዋቂ የሆነ የአገሩ ሰው። ትሪው ቀረበ። አበጀ አንድ ጊዜ ቆርሶ እጁን መለሰ።

«ትሩፌ» አለ። «ሳስበው ሳስበው፣ ሁመር ነው። ያኔም አንቺ ልክ ነበርሽ።»

ሌላ ሚስት ብትሆን እልል ትል ነበር። ትሩፋት ግን የቆረሰችው እንጀራ እጇ ላይ ቀረ። ተስማማ ማለት ተዘጋ ማለት ነው። አልሄድም፣ አልችልም፣ አንቺም ተስፋ አታድርጊ እያላት ነው። ይህን በቀጥታ ለመናገር አቅም ስላጣ የክርክሩን ድል አስታቀፋት።

ጥብሱ እስኪቀዘቅዝ ትሪውን እያየች ተቀመጠች። ሌንጂሳ መጥቶ «ምነው እትዬ፣ ዛሬ አልተስማማዎትም እንዴ?» ቢላት፣ «ኧረ ጥሩ ነው» አለችው።

የፍርዱ ሰዓት ደረሰ። አበጀ ሊያስቃት ፈልጎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ጥብሱ ትንሽ ደርቋል፤ ቃሪያውም በዝቷል» አለ፤ መቃወሟን እየጠበቀ።

«እንዳልከው ነው» አለች ትሩፋት።

«ምን አልሽ?»

«ደርቋል። ቃሪያውም በዝቷል። እንዳልከው ነው።»

ተነሥታ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄደች። አበጀ ከወንበሩ ሳይነሣ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከራት የኖረች ሴት እንዳልከው ነው ስትለው ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አሁን ገባው። ባምባሲም ተዘጋች ማለት ነው። እንዲህ እየተስማሙ ከሄዱ ኩርሙክም ቶንጎም ይዘጋሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚቀራቸው ቤታቸውና የመድኃኒት ሰዓት ነው። ፈራ። ሐኪሙ ልብህ ሰፍቷል ባለው ቀን እንኳ እንዲህ አልፈራም ነበር።

ትሩፋት እጇ ውሃ እየተንጠባጠበ ተመለሰች። ቦርሳዋን አነሣች።

«ተቀመጪ እስቲ» አላት።

«መኪናው ያመልጠናል።»

«ያምልጠን። ተቀመጪ አልኩሽ።»

ተቀመጠች። አበጀ የቀዘቀዘውን ጥብስ በእንጀራ ጠቅልሎ በደንብ አላመጠ፤ ነገር ሲጀምር እንደሚያደርገው ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

«ሎሚ ነው» አለ።

ትሩፋት ቀና ብላ አየችው።

«ቅድም ተሳስቼ ነው። ሁመር እንዲህ አይቆነጥጥም። ሎሚ ነው! ከፈለግሽ ሰንበቴ ትፍረደን።»

እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ ልትጠርገው አልሞከረችም።

«አንተ ሰውዬ» አለች። «ምላስህ ከድሮም ምላስ አይደለም። ሁመር ነው።»

«ሎሚ!»

«ሁመር አልኩህ! ይሄ ጥብስ ደግሞ ምንም አልደረቀም።»

ሌንጂሳ ጫጫታውን ሰምቶ ብቅ አለና፣ እነሱ መሆናቸውን ሲያይ እየሳቀ ተመለሰ። በመንገዱ ላይ ወደ መንዲ፣ ወደ ካማሺ አቅጣጫ፣ የሚሄድ መኪና አቧራውን እያስነሣ አለፈ። ሁለቱም እስኪጠፋ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። ትሩፋት የተጠቀለለ ጉርሻ ወደ አበጀ አፍ ዘረጋች፤ እሱም ጎረሰ። መቼ እንሄዳለን ብሎ ያነሣ ግን አልነበረም።