በአፌ ያፈረስኩት ጣቢያ

አሶሳ ሐዲድ የለም። ተማሪዎቼ ባቡር የሚያዩት በስልካቸው ነው፤ እኔም ከእነሱ ብዙ አልሻልም ነበር። ባምባሲ ተወልጄ ነቀምት ተማርኩ። አሶሳ በአንድ ኮሌጅ የሕንፃ ንድፍ ሥዕል ማስተማር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በሥራዬ እኮራለሁ። በባጃጅ ሳልፍ «ይሄን ቤት የሳለው የእኔ ተማሪ ነው» የምልባቸው ግድግዳዎች ነበሩኝ።

እሷ የመጣችው በዚያ ጊዜ ነው። ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ አዲስ አበባ ያደገች፣ የግንባታ ታሪክ እንድታስተምር የተቀጠረች መምህርት ናት። ቤት ስትፈልግ በተከራየሁበት ግቢ ባዶ ክፍል እንዳለ የነገርኳት እኔው ነኝ። አያቷ ለገሃር፣ በድሮው ምድር ባቡር ጣቢያ፣ ዕድሜ ልካቸውን ትኬት ሲሸጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። በልጅነቷ ምሳቸውን እያደረሰች እዚያው በረንዳ ላይ ስትጫወት ትውል ነበር።

የምናስተምርባቸውን ክፍሎች የሚለየው ቀጭን ግድግዳ ስለሆነ የምታስተምረውን ሁሉ እሰማለሁ። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ፈረንሳዮቹ «ጣቢያው» ከሚሉት ቃል እንደመጣ ትነግራቸዋለች። ሐዲዱ ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ከገባ ከዓመታት በኋላ ሕንፃው እንደቆመ፣ የውጭ አገር እንግዳ ሲመጣ ከተማዋን መጀመሪያ የሚያያት ከዚያ ደጃፍ ሆኖ እንደነበረ፣ ፊት ለፊት የቆመው አንበሳ በወረራው ጊዜ ሮም ተወስዶ ኋላ እንደተመለሰ ታወራለች። ቅስቶቹን በእጇ አየር ላይ ስትስል ከእኔ ክፍል ባይታየኝም ይታወቀኝ ነበር። ተማሪዎቹ ደወል ከተደወለ በኋላም አይወጡም። የእኔዎቹ ገና ሳይደወል ደብተራቸውን ያጥፋሉ።

አንድ ቀን «የምትወዱትን ሕንፃ የፊት ገጽታ ሳሉ» ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም የአባታቸውን ቤት ይስላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ወረቀቶቹን ስሰበስብ ግማሾቹ የሳሉት ያንኑ ያላዩትን ጣቢያ ነበር። የበርታ ቋንቋ ተናጋሪ የሆነች፣ ጎበዝ ተማሪዬ ወረቀቷን ስትሰጠኝ፣

«መምህር፣ አንተ ደግሞ ጣቢያው አይተሃል?» አለችኝ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ጥያቄው ግን በትክክል ገብቶኛል።

«አይቻለሁ» አልኳት። አላየሁም ነበር። አዲስ አበባ የሄድኩት አንዴ ለስልጠና ነው፤ ያኔም ከአዳራሽና ከሆቴል አልወጣሁም።

ይህ ሁሉ ግን አባቴ ሲመጣ ከተሰማኝ ጋር አይወዳደርም። አባቴ ባምባሲ ውስጥ የታወቀ አናጢ ነው። ከወለጋ ከመጣ ጀምሮ ያልሠራው በርና መስኮት፣ ያልሰቀለው ጣሪያ የለም። ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው ለሕክምና እኔ ዘንድ መጥቶ ሰነበተ። ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ይቀመጣል። እሷም ከሥራ ስትመለስ አጠገቡ በርጩማ ስባ ትቀመጣለች።

«አባባ፣ ዛሬስ እንዴት ዋሉ?»

«ደህና ነኝ። እስቲ ያንን የባቡር ቤት ንገሪኝ። የመሃሉን ጣሪያ ምን ተሸከመው? እንጨት ነው ብረት?»

አታውቀውም ነበር። በማግስቱ አጎቷ ዘንድ ደውላ፣ የሰማችውን በወረቀት ጽፋ መጥታ አነበበችለት። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ጉልበቱ ላይ እየለካ አዳመጣት። ስትጨርስ፣

«ተባረኪ፣ ኢንተለ ኮ» አላት። በኦሮምኛ «ሴት ልጄ» ማለቱ ነው። እኔን የሚጠራኝ በዚያ ነበር።

ልብስ እያጠብኩ ነበር። እጄ ሳሙናው ውስጥ ቀረ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስስል አንድ ቀን እንኳ ወረቀቴን ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። «ቤት በወረቀት አይሠራም» ይላል እንጂ። አሁን ያላየውን ቤት በሰው ወሬ ቋሚ በቋሚ ሲያቆም ይውላል።

ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና እንዲያደርግ ጻፈለት። እሷ ይህን ስትሰማ፣ «ለእረፍት ስሄድ አብረን እንሂድ። እናቴ ቤት ያርፋሉ። የዓይናቸው ፋሻ እንደተፈታ መጀመሪያ ጣቢያውን አሳያቸዋለሁ» አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

የዚያን ቀን ራት እየበላን ሳለ፣ ሳላስበው ይሁን አስቤበት እስካሁን አላውቅም፣

«አባዬ፣ ያ ጣቢያ እኮ ፈርሷል» አልኩት።

ጉርሻውን ወደ ሰሃኑ መለሰ። «መቼ?»

«ሰሞኑን። አካባቢው ለአዲስ ግንባታ ተፈልጎ። ለእሷ እንዳትነግራት፤ ታዝናለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጣቢያው መጠየቁን ተወ። እሷ ስትቀመጥ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማንጎው ያወራታል። በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ መጥታ «አባባን ምን አስቀየምኳቸው?» አለችኝ። «ደክሞት ነው» አልኳት። እውነቱን ልናገር፣ ያ ሳምንት ለእኔ ጥሩ ሳምንት ነበር።

እሁድ ከአምልኮ ስንመለስ ግቢው በር ላይ አገኘናት። አባቴ በትሩን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ በቀኙ እጇን ያዘ።

«ይቺ ልጄ መጀመሪያ እንዳልነግርሽ ብላኝ ነበር። ግን ሐዘን ተደብቆ አይኖርም። ስለ አያትሽ ጣቢያ ሰማሁ። ጌታ ያጽናሽ።»

አየችኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ወደ እሱ ዞራ፣

«ሕንፃው አለ፣ አባባ» አለችው። «የፈረሰው በዙሪያው ያለው ሰፈር ነው። ወሬው ተደባልቆ ይሆናል።»

«አለ?»

«አለ።»

አባቴ ሳቀ። ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ ካየሁት ዘመን ሆኖኛል። ወደ ቤት ሲገባ እሷ ቧንቧው ጋ ጠበቀችኝ።

«ለምን?»

«አንቺ ልታሳዪው ስለሆነ።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስስል አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። አንቺን ግን በየቀኑ ይጠይቅሻል።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ባልዲዋ ሞልቶ ፈሰሰ። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋችና፣ «እኔ አልሄድም። አንቺ ይዘሻቸው ሂጂ። እናቴ ትቀበላችኋለች» ብላኝ ገባች። ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ይህን ደግነቷንም ቀናሁበት፤ ለእኔ ያልተሰጠኝ እሱም ነው ብዬ።

አባቴ የቀኝ ዓይኑን ታከመ። በተፈታለት በሁለተኛው ቀን ለገሃር ወሰድኩት። አንበሳውን አልፈን ፊት ለፊቱ ቆምን። በተረት እንደሰማሁት ግዙፍ አልነበረም፤ ዙሪያውን ከበቀሉት ፎቆች ሥር ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ግን ቀኙና ግራው እኩል የተመዘነ፣ የማይቸኩል ቤት ነው። ሳልወድ ወደድኩት።

አባቴ ጥበቃውን አስፈቅዶ ተጠጋና ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄን ክብ እንዴት አወጡት? በቀጥታ እንጨት እንዲህ አይወጣም።»

ከቦርሳዬ የሐኪም ቤቱን ወረቀት አወጣሁ። ጀርባው ላይ ቅስቱን ሳልኩለት። የክቡ እምብርት የት እንደሚሆን፣ ድንጋዩ እስኪቆም ከሥር የሚደግፈውን የእንጨት ቅርጽ አናጢው እንዴት አድርጎ እንደሚሠራ አስረዳሁት። ወረቀቱን ወደ ደህናው ዓይኑ አስጠግቶ አየው።

«መጀመሪያ አናጢ ሠርቶታላ» አለ።

«መጀመሪያ አናጢ፣ ከዚያ ድንጋይ ጠራቢ።»

«እኔ እኮ ወረቀት ላይ የምትጫወቺ ይመስለኝ ነበር።»

ይህን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ደውዪላት» አለኝ።

ደወልኩላት። ስልኩን የነጠቀኝ ያህል ተቀብሎ ስለ ቅስቱ፣ ስለ እምብርቱ፣ ስለ አናጢው፣ የነገርኩትን አንድም ሳያስቀር ነገራት። ማን እንደነገረው ግን አልነገራትም። «እንዴት ያውቃሉ አባባ» ስትለው ተሰማኝ፤ እሱም ደስ ብሎት ዝም አለ።

አሁን አባቴ ባምባሲ ተመልሶ ሥራውን ቀጥሏል። እኔና እሷም በአንድ ግቢ እንኖራለን፤ ቡናም ምሳም እንጠራራለን። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ይቅርም ብላኛለች። ባለፈው ወር አባቴ በሚኒባስ ሁለት ዕቃ ላከ። ለእኔ የሥዕል ሰሌዳ ነው፤ ውሃ ቢያፈሱበት ወዴትም የማይሄድ፣ ልኩን የጠበቀ። ለእሷ ከዋንዛ የተጠረበች ትንሽ ጣቢያ ነው፤ ቅስቶቿ አንድ በአንድ ተፈልፍለዋል። ሰሌዳዬን ታቅፌ የእሷን ስትፈታ አየሁ፤ የትኛው ብዙ ቀን እንደፈጀበት ለማወቅ አናጢ መሆን አያስፈልግም። «ያምራል» አልኳት። ያምራልም።