በኮሮና ጊዜ ባሌ ዓይን ውስጥ የገባው ብረት

ይህ የደረሰብን በኮሮና ምክንያት ካምፓላ ጥርቅም ብላ በተዘጋችበት ሰሞን ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ባለቤቴ ግርማ ብረት በያጅ ነው። የሚሠራው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ባለ ወርክሾፕ ነበር። ወርክሾፑ ሲዘጋ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አቃተው። አንድ ቀን ጠዋት የግቢያችን በር ሲከፈት ይጮሃል ብሎ ማጠፊያውን ነቀለና በግራይንደር ሊሞርደው ተቀመጠ። የሥራ መነጽሩ ወርክሾፑ ውስጥ ተቆልፎበታል።

“ያለ መነጽር ባትነካው ምናለ?” አልኩት።

“አንቺ ደግሞ! ይቺን ለምታህል ሥራ?” አለኝ።

እኔ ፈሪ ነኝ። ቤተሰቡም ይህን ስለሚያውቅ ስናገር ማንም አይሰማኝም።

ብዙም ሳይቆይ ጩኸቱን ሰማሁ። ስወጣ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ጨብጦ ይንቆራጠጣል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩለት። የገባው ነገር ግን አልወጣም።

ጎረቤታችን አደይ ምሕረት የአስመራ ሴት ናቸው። ዓይን ውስጥ የገባ ጉድፍ በምላሳቸው በማውጣት ሙቱንጎ ሰፈር ያለን ሐበሾች ሁሉ እናውቃቸዋለን። ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ መጡ።

“በል ቀና በል ወደይ፣ ልጄ” አሉት።

ግርማ ቀና ሊል ሲል መሐላቸው ገባሁ። በዚያ ሰሞን ከገበያ የመጣ ቲማቲም እንኳ በሳሙና ነበር የማጥበው። እንዴት ብዬ የሰው ምላስ ባሌ ዓይን ውስጥ ላስገባ?

“አደይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጊዜው የበሽታ ነው” አልኳቸው።

“እኔን ነው በሽታ ያልሽኝ፣ ጓለይ?” ብለው ተቆጥተው ሄዱ።

ግርማም ተቆጣ። “አንድ ጊዜ ላስ ቢያደርጉኝ ይወጣልኝ ነበር። ሴትዮዋንም አስቀየምሻቸው፣ እኔንም ዕውር አደረግሽኝ” አለኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው እምቢ አለ። እዚያ ሄደን ኮሮና ይዘን እንመለስ ወይ አለ። የራሴን ፍርሃት መልሶ እኔው ላይ አመጣብኝ።

በማግስቱ ዓይኑ ደም መስሎ አበጠ። ያን ጊዜ እሺ አለ። ግን በምን እንሂድ? መኪና ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስም። ለሰፈሩ ሊቀመንበር ስልክ ስደውል ስደውል ዋልኩ። በመጨረሻ ሲያነሳ “ፈቃድ የሚሰጠው ለድንገተኛ ሕመም ነው። ዓይን መቅላት ምኑ ድንገተኛ ነው?” አለኝ።

እንደገና አንድ ሌሊት አደርን። ሲነጋ መንገድ ላይ አንድ ቦዳ የሚባል የሞተር ታክሲ ነጂ ለመንኩ። ሞተሩ ላይ ማቶኬ፣ ያ የሚቀቀለው ሙዝ፣ እስከ ላይ ተቆልሏል። “ሶሪ ማማ” አለኝ። “ማቶኬ ቢሆን እጭነው ነበር። ሰው ከጫንኩ ሞተሬን ይወስዱብኛል።”

ሙዝ በሞተር ሲሄድ የእኔ ባል ትከሻዬን ተደግፎ በእግሩ ሄደ። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ዘበኛው የግርማን ቀይ ዓይን አየና ሳል ያለባቸው ሰዎች ወደተቀመጡበት ድንኳን ጠቆመን።

“ብረት ነው የገባበት! ብረት!” አልኩት በምችለው እንግሊዝኛ።

“ተረጋጊ ማማ። ዓይን መቅላትም የኮሮና ምልክት ነው” አለኝ።

ከሰው እንዳልነካካ በር ዘግቼ የከረምኩት ሴትዮ ከሚያስሉ ሰዎች መሐል ቁጭ አልኩ። ሻርፔን አፌ ላይ ጠምጥሜ ስጸልይ ዋልኩ። ተመርምሮ ነጻ ነው ተብሎ ወደ ዓይን ክፍል ስንገባ ፀሐዩ አዘንብሏል።

ዶክተሯ በመርፌ ያወጣችው ብረት የጤፍ ፍሬ ቢያክል ነው። ምላስ የሚያወጣው አልነበረም፤ ተሰክቶ ዝጓል። ሰው ሳይነካካው መምጣቱ ደግ ነው፣ ግን ቁስሉ መርቅዟል አለች። ጠባሳው ብሌኑ ላይ እንደሚቀርም ነገረችን።

“ለምንድን ነው ሁላችሁም የምትዘገዩት?” ብላ ደግሞ ተቆጣችን። ሰሞኑን የሚመጡት እንዲህ ቤታቸው ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጡ የተጎዱ ወንዶች፣ የእጅ ማጽጃ ዓይናቸው ውስጥ የተረጨባቸው ሕፃናት ናቸው፤ ሁሉም ዘግይተው ነው የሚመጡት አለች።

“በምን እንምጣ?” አልኳት። ጓንቷን አውልቃ ጣለችና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች።

ግርማ በግራ ዓይኑ የሚያየው ጭጋግ ብቻ ነው። አደይ ምሕረት ዛሬም “ያን ቀን ብትተዪኝ” ይሉኛል። የዶክተሯን ቃል ስነግራቸው አይቀበሉኝም። ግርማም አብሮኝ ሰምቶ አያግዘኝም።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ይህ አይደለም። ሰዎች ቤታችን ተሰብስበው የዚያን ጊዜ ወሬ ያነሳሉ። አንዱ ወፈርኩ ይላል፣ አንዷ ዳቦ መጋገር ለመድኩ ትላለች፤ ይሳሳቃሉ። እኔ ተነስቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ግርማ አብሯቸው ይስቃል። በግራው የተቀመጠ ሰው ሲናገር ግን፣ ማን እንደሆነ ለማየት አንገቱን ሙሉ በሙሉ ያዞራል።