ሥራ የያዘ ቱቦ አያበራም

ሚስቴ እሳት ታያለች። ሙያዋ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ነው የምመልሰው፤ ከዚያ መቀሴን አስቀምጬ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ ማስረዳት እጀምራለሁ። ፀጉር አስተካካይ ነኝና ደንበኛዬ ግማሽ ራሱን ተቆርጦ የትም አይሄድብኝም።

የምትሠራው ማዳበሪያ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እዚያ ፎቅ የሚያክል ምድጃ አለ፤ ውስጡ ረጃጅም የብረት ቱቦዎች ተደርድረው ቆመዋል። በየቱቦው ሆድ ኒኬል ያለባቸው ትናንሽ እንክብሎች ታጭቀዋል። ሚቴን የሚባለው ጋዝ ከውሃ እንፋሎት ጋር ከላይ ይገባና ከታች ሌላ ሆኖ ይወጣል፤ ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የተደባለቁበት ጋዝ ይሆናል። ማዳበሪያው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ኒኬሉ ሁለቱን ያገናኛል እንጂ ራሱ ከውጤቱ አይካፈልም። «ኮሚሽን የማይቀበል ደላላ በሉት» እላቸዋለሁ ደንበኞቼን። እንዲህ ያለ ደላላ አይተን አናውቅም ይሉኛል።

ይህ ደላላ ግን ጠላት አለው። እንፋሎቱ ካነሰ ጥላሸት ይለብስና ሥራ ያቆማል። ሥራው ደግሞ ሙቀት የሚጠጣ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ደህና የሚሠራ ቱቦ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ይቆማል። ኒኬሉ የሰነፈበት ቱቦ ግን ሙቀቱን የሚጠጣለት ስለሌለ ቦግ ብሎ ያበራል። ቶሎ ካልተደረሰለት ሊፈነዳ ይችላል፤ በአጠገቡ ሰው ካለ ወዮለት። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ መሣሪያዎች የሚናገሩት የሁሉንም ድምር ነው። የትኛው ቱቦ እንደታመመ ለማወቅ በምድጃው ግድግዳ ላይ ባሉት ትናንሽ መስኮቶች አንድ ሰው ዓይኑን አስጠግቶ ማየት አለበት። ያ ሰው ሚስቴ ናት። ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ዓይናማዋ» ነው የሚሏት።

ቱቦዎቹ ቁጥር ቢኖራቸውም እሷ በቁጥር አትጠራቸውም። የሰየመቻቸው በእኔ ዘመዶች ነው። በር ጥግ ያለው፣ ቶሎ የሚግለው፣ እናቴ ናት። ከመጨረሻው ረድፍ ማብራት የሚወደው ደግሞ ሥራ ፈቱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከሥራ ስትመለስ «ዋርሳዬ ዛሬም አበራ» ትለኛለች። በእኛ ቤት ማብራት ስድብ ሆኖ የቀረው እንዲህ ነው። ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ካገኘችኝ «አንተ ደግሞ ዛሬ እንዴት ነው የምታበራው!» ትለኛለች፤ ተነስቼ ዕቃ አጥባለሁ። እናቴ ቱቦ በስሟ እንደተሰየመ ሰምታ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። ቶሎ ስለመጋሉ ማን ደፍሮ ይነግራታል!

ነገሩ የጀመረው በጋውኔ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ነጩን የሥራ ጋውኔን አየችና «ይሄ ነገር ቢጫ ሆኗል፤ ሰው ምን ይልሃል?» አለችኝ። አጠብኩት። አሁንም ቢጫ ነው አለች። በበረኪና ዘፍዝፌ እጄ እስኪላጥ አሸሁት። «ምን አደረግከው? ያው ነው እኮ!» ደንበኞቼን ብጠይቅ ሁሉም ወተት ይመስላል አሉኝ። ያኔ ልቤ ስንጥቅ አለ። ለካ ደረጃ ስትወርድም ግድግዳ መያዝ ጀምራለች፤ ለካ አምፖሉን በየጊዜው «ደከመ፣ ቀይረው» የምትለኝ አምፖሉ ደክሞ አይደለም።

«ዓይንሽን ታዪ» አልኳት።

«አንተ ጋውንህን እጠብ» ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ነዘነዝኳት። በመጨረሻ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ሄጃለሁ። የዓይን ሞራ ነው። በቀላሉ ይነሳል ብለውኛል» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ማስጀመሪያውን።»

በዚያ ሰሞን አሮጌው ኒኬል ከቱቦዎቹ ወጥቶ አዲስ ይሞላ ነበር፤ ሲሞላ ምድጃው እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህ በብዙ ዓመት አንዴ የሚመጣ ነገር ነው። ያለፈው ጊዜ ከመስኮቱ ፊት የቆመው አለቃዋ ነበር፤ እሷ ከኋላው ሆና ትከሻውን ስታይ ነው የዋለችው። አለቃዋ ጡረታ ወጣ፣ ተራው የእሷ ሆነ። አሁን ሕክምና ብትገባ ቀኑ ያመልጣታል።

«አንዴ ብቻ ላስጀምረው፤ ከዚያ ከፈለጉ ዓይኔን አውጥተው ይጠቡት» አለችኝ።

«ብትሳሳቺስ?»

ፈራሁ፤ ለእሷም ፈራሁ፣ በዚያ ምድጃ ዙሪያ ለሚውሉትም ፈራሁ። ወይ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ አልኳት። «የኔን ነገር የምናገረው በገዛ አፌ ነው» ብላ የማስጀመሪያው ቀን ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። እስከዚያ ድረስ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የሆነውን በኋላ የነገሩኝ እሷና ምክትሏ ናቸው። ምክትሏ ድሮ ፓምፕ ክፍል የነበረች ሳቂታ ሴት ናት። ጋዙ ተለቀቀ፤ መሐንዲሱ ሬዲዮውን ይዞ አጠገባቸው ቆመ። ሚስቴ ፊቷን በመከላከያው ሸፍና ከመስኮት መስኮት እየሄደች አየች።

«እንዴት አዩዋቸው?» አላት መሐንዲሱ።

«ሁሉም ያምራሉ፤ አንድ ዓይነት ናቸው» አለችው። እሱም ጋዝ እንዲጨመር ሊያዝ ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ቆይ!» አለችው።

ወደ በር ጥጉ መስኮት ተመልሳ አየች። ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄዳ አየች። እናቴና ወንድሜ ቁርጥ አንድ ሆነውባታል።

«ዘመዶቼ እንዲህ ተስማምተው አያውቁም» አለች።

መሐንዲሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ መከላከያውን ከፊቷ አወለቀች። «አልቀለድኩም። እንዲህ የሚያስመስላቸው ዓይኔ ነው። የዓይን ሞራ አለብኝ፤ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ያየሁትን ሁሉ እንዳላየሁ ቁጠረው» አለችና መከላከያውን ለምክትሏ ሰጠቻት። «ነይ፣ አንቺ እዪ።»

ምክትሏ በር ጥጉ ላይ ስትደርስ ጮኸች። «እትዬ፣ አማትሽ! አንገቷ ላይ ታበራለች!»

መሐንዲሱ ጋዙን አስቀነሰ፣ እንፋሎቱን አስጨመረ። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ተደጋግፈው ቆሙ፤ አንዷ ታያለች፣ አንዷ ትጠይቃለች። ስፋቱ ስንት ጣት ነው? ወደ ታች ይወርዳል ወይስ ቆሟል? ብርሃኑ ቀስ በቀስ ጠበበ፣ ደበዘዘ፣ የእናቴም አንገት እንደሌሎቹ ጠቆረ።

ሚስቴ በዚያው ቀን በሥራ ሰዓት ሱቄ መጣች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠችና መስታወቱን እያየች፣ «ዛሬ እኔም አበራሁ» አለች። ከዚያ አንድ ሳታስቀር ነገረችኝ፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎችም ሰሙ። ኮራሁ። ካገባኋት ቀን ጀምሮ የኮራሁባትን ሁሉ ቢደምሩት የዚያን ቀኑን አያህልም። «ያየውን የሚያወራ ሞልቷል!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ «ሰው ሁሉ በሚጠብቃት ሰዓት አላየሁም የምትል ሴት ግን የእኔ ሚስት ናት!» ዝም በል አለችኝ። ዝም አላልኩም።

ምክትሏ ከሥራ ስትወጣ ቀጥታ ወደ ቤታችን መጣች። ሳትቀመጥ፣ «አንድ ስም ያልነበራት ቱቦ ነበረች አይደል? ከሁሉም የጠቆረችው» አለች።

«አውቃታለሁ» አለች ሚስቴ። «ጎበዝ ናት።»

«ዛሬ ሰየምናት። መሐንዲሱም፣ ሁላችንም ተስማምተን። አንቺ ናት ብለናታል።»

ሚስቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። የዓይን ሞራው ነው አለች። ሞራ እንባ እንደማያመጣ ግን ፀጉር አስተካካይም ያውቃል።

ቆየችና፣ «ቦታዋ ከማን ጎን ነው?» አለች።

«ከአማትሽ ጎን።»

«ውይ! እዚያም አልለቀቀችኝም!»

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» አልኩ እኔ፤ ትራስ ተወረወረብኝ።

ዓይኗ ታክሞ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየችው ጋውኔን ነው። «ምነው እንዲህ ነጣ? በረኪና አበዛህበት እንዴ?» አለችኝ። መሐንዲሱ ወደ መስኮቱ እንድትመለስ ለምኗት ነበር። ምክትሏን ከያዘችው ቦታ አላነሳም፣ አዲስ የሚገቡትን ላስተምር አለችው። ነገር ግን ሥራ በገባችበት የመጀመሪያ ቀን መከላከያውን ተውሳ አንዴ አየች።

እኔ ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ በር ላይ እጠብቃት ነበር።

«ጠቁራለች?» አልኳት።

«እንዴት ነው የጠቆረችው!» አለችኝ። ገብታ ጫማዋን አወለቀችና ሶፋው ላይ ጋደም አለች፤ እኔም ማንም ሳያዘኝ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ።