በግንቡ ቀዳዳ የቀረው ወራባ

ልጅ ሳለሁ፣ ሐረር ውስጥ ፈላና በር አጠገብ በነበረው ግቢያችን ውስጥ ጋሼ ተሰማ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ይኖሩ ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበርና፣ በጠፋ ቁጥር የግቢው ልጆች የከሰል ማንደጃቸውን ከበን እንቀመጣለን፤ እሳቸውም ፋኖሱን ዝቅ አድርገው፣ የጋዙ ሽታ ከአሮጌ ካፖርታቸው የትምባሆ ሽታ ጋር እየተደባለቀ፣ ተረት ይጀምራሉ። ተረታቸው ግን በነጻ አልነበረም። ልብ የሚያንጠለጥል ቦታ ላይ ሲደርሱ ያቆሙና ወደ አንዳችን ይዞራሉ፤ ያ ልጅ ቀጣዩን ነገር በእንግሊዝኛ ካልተናገረ ተረቱ እዚያው ያድራል።

የሚፈልጉት ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። «ካን»፣ «ሹድ» ወይም «ማስት» ይቀድማል፤ ግሱ ምንም ሳይጨመርበት ራቁቱን ይከተላል፤ አድራጊውም ተደራጊውም አንድ ከሆነ መጨረሻው «ማይሰልፍ» ወይም «ሂምሰልፍ» ነው። «ሥራው ከቤት ወጥቶ፣ ዞሮ እዚያው ቤት ሲገባ ነው» ይሉን ነበር፣ በጣታቸው አየር ላይ ክብ እየሠሩ። የተረቱ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ወራባ ነበር፤ የሐረር ሰው ጅብን እንዲያ ይለዋል። አንድ ማታ ወራባው ገላውን መታጠብ እንዳለበት ስናገር «ሂምሰልፍ» ማለቱን ትቼ «ሂም» ብዬ ጨረስኩ።

«ታዲያ ማንን አጠበ?» አሉኝ።

«ጎረቤቱን ነዋ!» አለች ኢክራም፣ ከጎናችን ያሉት የሐረሪዎቹ ልጅ። «ወላሂ ይኼ ልጅ ተረታችንን በላው!»

ያን ማታ ተረቱ ሳያልቅ ተኛን። ከዚያ ወዲህ ግን ተሳስቼ አላውቅም።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ በፈተና እነዚያኑ ቃላት ይዘን ዓረፍተ ነገር እንድንሠራ ተጠየቅን። እኔ ደስ ብሎኝ የጋሼ ተሰማን ወራባ ጻፍኩ፦ ጅብ ሌሊት ወደ ከተማ በሚገባበት በጀጎል ግንብ ቀዳዳ ራሱን ይደብቃል፣ ራሱን ያጥባል፣ ራሱን ይወቅሳል። አጠገቤ በሚቀመጠው በግርማ ወረቀት ላይም ያው ወራባ በዚያው ቀዳዳ ያንኑ ሲያደርግ ተገኘ። ግርማ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ልጅ ነው፤ ማንደጃው ዘንድ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ርዕሰ መምህሩ ግን የቀዳሁት እኔ እንደሆንኩ ወሰኑ። እናቱ በጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ የምትቸረችር ልጅ እንዲህ ያለውን እንግሊዝኛ ከየት ያመጣል?

እናቴ ገበያዋን ጥላ ሄዳ ጋሼ ተሰማን ለመነቻቸው። መጡ። ካፖርታቸውን በቢሮው በር ላይ ሳየው ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

«ይህን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት?» ሲሉ ርዕሰ መምህሩ ጠየቋቸው።

ጋሼ ተሰማ ገና ሳይመልሱ የግርማ አባት ከተቀመጠበት ጣልቃ ገባ። «ቆይ እስቲ፤ እኚህ ሰው ማታ ማታ ልጅ የሚሰበስቡት በማን ፈቃድ ነው?»

ጋሼ ተሰማ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። «ኧረ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ጓድ። ተረት ነው የማወራላቸው። ማን ከማን እንደቀዳ አላየሁም።»

ወደ እኔ ሳያዩ ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሜ ግለ ሂስ እንዳደርግ፣ ያለዚያ ከትምህርት ቤት እንደምባረር ተነገረኝ።

«በል ልጄ፣ ብለኸው ውጣ» አለችኝ እናቴ። «አፍ ነው፤ ምን ይጎድልብሃል?»

አልኩት። ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ፣ ያላደረግሁትን አደረግሁ አልኩ። ርዕሰ መምህሩ «በእንግሊዝኛም ድገመው፤ ትችል የለ!» ሲሉ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ራሴን መውቀስ አለብኝ ለማለት፣ «አይ ማስት ብሌም ማይሰልፍ» አልኩ። አንድም ስህተት አልነበረበትም። አንድም ስህተት ስለሌለበትም፣ እዚያው ቆሜ፣ ለአፍታ ኩራት ተሰማኝ። ሳቁን ረስቼዋለሁ፤ ውሸቱንም ተገድጄ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ያች የአፍታ ኩራት ግን ዛሬም ብቻዬን ስሆን ፊቴን በእጄ ታስሸፍነኛለች።

ማታ መብራት ጠፋ። እናቴ «ሰው ምን ይለናል፣ ሂድ» ብላ ላከችኝ። ጋሼ ተሰማ ምንም እንዳልተፈጠረ ተረት ጀመሩ። ወራባው ግንቡ ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል፤ ከውስጥ በኩል ዱላ የያዙ ሰዎች፣ ከውጭ ውሾች ይጠብቁታል። እዚህ ላይ አቆሙና ወደ እኔ ዞሩ። በፋኖሱ ብርሃን ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ፤ ወይም ጭሱ ይሆናል።

«በል እንግዲህ አንተ፤ ወራባው ምን ማድረግ ይችላል?»

ራሱን ማዳን ይችላል። ዓረፍተ ነገሩ ከነመጨረሻው ምላሴ ላይ ነበር። ዝም አልኩ። ኢክራም «በልላቸው እንጂ!» እያለች ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠበቁኝ፤ ከዚያ ፋኖሱን ይዘው ተነሱ። ወደ ማንደጃው አልተመለስኩም። ቆይቶም፣ ሸዋ በር ላይ ሳገኛቸው፣ ቀድመው ባርኔጣቸውን ሲያነሱልኝ እንዳላየ አልፌያቸዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያንኑ እንግሊዝኛ አጠናሁ። ያኔ የበደለኝን ሰው ሁሉ በስሙ፣ በጊዜውና በቦታው ልወቅስ እችላለሁ፤ ለዓመታትም ይህንኑ ሳደርግ ኖሬያለሁ። አሁን አሁን ልጄ ከመተኛቷ በፊት ተረት ትጠይቀኛለች፤ እኔም ሳላስበው ወራባውን ግንቡ ቀዳዳ ውስጥ አስገባዋለሁ። «ከዚያስ አባባ?» ትለኛለች። ከዚያ ያለውን አላውቅም። ያን ማታ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ይነግሩን ነበር። «ነገ» እላታለሁ፤ መብራቱንም አጠፋለሁ።