የበረንዳው ቀጥቃጭ

ባለፈው ሳምንት ክርያት ሞጽኪን ያለው ቤቴ ውስጥ ቧንቧ ሠሪው ከማጠቢያው ሥር ተጋድሞ ነሐሱን በእሳት ሲያግል፣ ሽታው ገና ሲደርሰኝ፣ ሰውዬው ግራ ገብቶት እያየኝ መስኮቱን ሁሉ በረጋገድኩት። ብነግረውስ ምን ይገባዋል?

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ክርያት ሐይም፣ አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ ሲቆሙ የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫ ቀን ከሌት እሳት ሲተፋ የሚታይበት ቤት ነበር የምንኖረው። ታላቅ ወንድሜ ጋሻው በዕብራይስጥ ማትናስ ከሚሉት የሰፈር ማዕከል የሙዚቃ ክፍል የተጨረማመተ ጥሩምባ ታቅፎ መጣ፤ ለእኛ ከጎንደር ለመጣነው ልጆች ይሄ ይበቃል ተብሎ ይሁን ሌላ ጠፍቶ፣ እግዜር ይወቀው። ወደብ ላይ ጽዳት የሚሠራው አባቴ ዕቃውን አገላብጦ አየና በማንኪያ ጀርባና በእንጨት አቃናው። ከሩሲያ የመጡት ሽማግሌ የሙዚቃ መምህር «ማነው የሠራው?» ብለው ባይጠይቁ ኖሮ አያታችን ጎንደር ውስጥ ቀጥቃጭ እንደነበሩ ሳንሰማ በቀረን። እዚያ ቀጥቃጭን ቡዳ ነው ይሉት ነበር፤ አባቴም ሙያውን እንደ ነውር ደብቆ ነበር የመጣው።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሌላ ወሬ ጠፋ። ጋሻው የላይኛዋ ጎረቤት ወለሉን በመጥረጊያ እስክትደበድብ ይነፋል፣ እናቴ በሎሚና በጨው ነሐስ ታሻለች፣ አባቴ ራሱ ጥሩምባ ሊሠራ አስቦ በእኔ ደብተር ላይ የቱቦ ጥምዝምዝ ይስላል። ባዶ ቱቦ ሲያጥፉት እንደሚጨማደድ፣ የድሮ ሠሪዎች ግን የቀለጠ እርሳስ ሞልተው ካጠፉት በኋላ መልሰው አቅልጠው እንደሚያፈሱት የነገሩት እኚያው መምህር ናቸው። አባቴ ከዓሣ አጥማጆች የመረብ ማስመጫ እርሳስ እየለመነ ሰበሰበ፤ ክረምቱም ስለገባ የበረንዳውን መስታወት ዘግቶ በአሮጌ ድስት ያቀልጥ ጀመር። እናቴ ያን እሳት ስታይ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለች፤ ብላም ማሸቷን አልተወችም።

መጀመሪያ ምግብ ዘጋው። ቀጥሎ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ሆዱን ይዞ እጥፍ ይል ጀመር፣ የሸሚዙን ቁልፍ እናቴ ትቆልፍለት ጀመረች። ዓይን ነው፣ ድካም ነው ሲባል ከረመና ቁፓት ሆሊም የሚሉት ክሊኒክ ሄድን። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ የእኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ የወላጆቹ ምላስ ነበር። ሐኪሟ አባቴ በእጁ ምን እንደሚሠራ ጠየቀች። እሱም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ያን ሁሉ ዓመት የደበቀውን፣ «እቤት በእርሳስ እሠራለሁ በያት ልጄ፤ አትደብቂ» አለኝ።

እሱ የሚያቀልጠውና እኔ የምጽፍበት በአማርኛ ስማቸው አንድ ነውና፣ በዕብራይስጥም አንድ መሰለኝ። የማውቀው የትምህርት ቤቱን፣ የመጻፊያውን ቃል ነበር፤ ኮራ ብዬ «በዒፓሮን ይሠራል» አልኳት። ሐኪሟ ሳቀች። «ሥዕል ይስላል?» አለችኝ፤ ደብተሬ ትዝ አለኝና «አዎ» አልኳት። «ቤሰደር፣ ደህና ነው» ብላ የሆድ ኪኒን ጻፈችለት። አባቴ ሸክም የወረደለት ሰው መስሎ ወጣ፤ ማታውኑም ወደ ድስቱ ተመለሰ።

ለፋሲካ ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሆስፒታል ደሙን መርምረው ኦፌሬት አሉ፤ ብረቱን እርሳስ ዕብራይስጡ እንዲያ እንደሚለው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እጁ ዳግመኛ አልተነሣም፤ የወደቡም ሥራ ቀረ፤ ጋሻውም ጥሩምባውን መለሰ። አያቴ ለአባቴ ያወረሱት ሙያ፣ ገና ስሙን ደፍረን በጠራነው በአንድ ክረምት፣ ከቤታችን ጠፋ።

አባቴ እስኪያርፍ ድረስ የሚወቅሰው ያችን ሐኪም ነበር። ሰው ሊጠይቀው በመጣ ቁጥር በደህናው እጁ ትከሻዬን ይዞ፣ «ይህች ልጄ አጥርታ ነግራት ነበር እኮ፤ እሷ ናት የሳቀችው» ይላል። እኔም ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። አንድም ቀን እውነቱን አልነገርኩትም።