የጋሽ ቦቴ ውሃ

ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቦቴ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ቦቴ ሲነዳ ኖሯል። ቧንቧ በደረቀ ቁጥር ሰዉ የሚደውለው ለእሱ ነው። ዘገየህ እንጂ ተባረክ ያለው የለም፤ እሱስ ይሁን። ያን ሰሞን ሰፈርተኞቹ የሠሩበት ሥራ ግን የሰሚውንም አንጀት ያሳርራል።

ዝናቡ ከዓመት ዓመት እየራቀ፣ ሙቀቱ እየባሰ፣ ጫካው ጭድ ሆኖ ነበርና አንድ ቀን ቀትር ላይ በእሳት ተያያዘ። የጋሽ ቦቴ እናት ከሰፈሩ በላይ ጫካው ጥግ ካለው ቤታቸው እግራቸውን ታመው ተኝተዋል። ጋሽ ቦቴ መኪናውን ውሃ ሞልቶ ሽቅብ በረረ።

መንገዱ ላይ ግንድ ተጋድሟል። ያጋደሙት የገዛ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ከፊት የቆመው ደግሞ የእህቱ ባል። ጠዋቱን ሙሉ ስልካቸው ላይ አንድ ወሬ ሲዞር ነበር፦ የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው ማታለያ ነው፣ መሬታችንን ሊቀሙን በቦቴ ነዳጅ እያመጡ ጫካውን የሚያቃጥሉት ለውጥ ባዮቹ ራሳቸው ናቸው። ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት የሚባለውን እነዚህ ሰዎች ሰምተውት አያውቁም።

«እኔ አምንሃለሁ፣ ጋሼ» አለ የእህቱ ባል። «ግን ሰዉ ይየው። ክፈተው።»

«እማዬ እኮ እላይ ናት።»

«እንግዲያው ቶሎ ክፈተዋ።»

ምን ያድርግ? ጎንበስ ብሎ የቦቴውን ቧንቧ ከፈተው። ውሃው አስፋልቱን፣ የሁሉንም እግር አራሰ። በእፍኙ ቀድቶ ጠጣላቸው። አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ተያዩ። ዝጋው ብለው ግንዱን እስኪያነሱለት የቦቴው ግማሽ ፈሶ አልቋል።

እናቱን ከጭሱ መሃል በጀርባው አዝሎ አወጣቸው። በተረፈችው ውሃ ግን ቤቱን ማዳን አልቻለም፤ የተወለደበት ቤት ዓይኑ እያየ ወደመ።

በማግስቱ ተፈናቃዮቹ በተጠለሉበት ትምህርት ቤት አንዲት ሴት ፍራሿን ከእናቱ አጠገብ ጎትታ አራቀች። «ከአቃጣይ እናት ጋር አልተኛም» አለች፣ ስልኳን እያሳየች። ቪዲዮው ላይ ጋሽ ቦቴ ጎንበስ ብሎ ሲከፍት፣ አስፋልቱ ላይ ሲፈስ ይታያል። «ነዳጅ ሲያፈስ እጅ ከፍንጅ» ይላል ጽሑፉ። እናትየው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ጋሽ ቦቴ የእህቱን ባል ፈልጎ አገኘው።

«ይህን የቀረጽከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«አጠገቤ አልነበርክም? ጫማህ በውሃ አልራሰም?»

«ርሷል» አለ የእህቱ ባል፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «ግን ጋሼ፣ እዚህ ላይ ስታየው ነዳጅ ነው የሚመስለው።»